የአያት ስልክ

ዛሬ ከሥራ ወጥቼ ኮዬ ፈጬ ስደርስ ማታ 2 ሰዓት አልፎ ነበር። ልጄ ሶፋው ጥግ ተሸጉጣ የእናቴን ስልክ ይዛለች። ስታየኝ ስክሪኑን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። 9 ዓመቷ ነው።

ታብሌቷ ላይ ፋሚሊ ሊንክ የሚባለውን የልጆች መቆጣጠሪያ አፕ ጭኛለሁ። በቀን 1 ሰዓት ብቻ፣ ማታ ይዘጋል፣ አዲስ አፕ ስታወርድ እኔን ይጠይቀኛል። በቃ ጨረስኩ ብዬ ነበር። የአያቷን ስልክ ማን አስቦት!

የከፈተችው ቴሌግራም ነው። አንድ የካርቱን ግሩፕ ውስጥ ስትጽፍ ያገኛት ሰው በውስጥ መስመር ልኮላታል፦ «ስንት ዓመትሽ ነው? ፎቶሽን ላኪልኝ። ለማንም እንዳትነግሪ።»

ሆዴ ተላወሰ። ልቆጣት ብዬ ምላሴን ነከስኩ፤ ብቆጣት ሌላ ጊዜ ትደብቀኛለች። አቀፍኳት። «ላክሽለት እንዴ የኔ እናት?»

«አልላኩም። ፈራሁ» አለችኝ በቀስታ።

ስክሪንሾት አነሳሁ፣ ሪፖርት አደረግኩት፣ ብሎክ አደረግኩት። ከዚያ ሴቲንግ ገብቼ ግሩፕ ውስጥ የሚያስገባት ስልኩ ላይ የተመዘገበ ሰው ብቻ እንዲሆን፣ ቁጥሩም ለማንም እንዳይታይ አደረግኩ። ቲቪው ላይ ዩቲዩብ ኪድስ፣ እኔ የመረጥኳቸው ቪዲዮዎች ብቻ። (ቲክቶክ ራሱ ከ13 ዓመት በታች አይፈቅድም። የልደት ቀን በውሸት ሞልተን የምንከፍትላቸው ግን እኛው ነን። እባካችሁ ይቅርብን።)

እማዬ ስትሰማ እንባዋ መጣ። «እኔ እኮ ወጥ እስክሠራ ዝም እንድትልልኝ ነው የሰጠኋት» አለችኝ። እሷ ምን ታድርግ?

ልጄ አሁን አጠገቤ ተኝታለች። ነገ የብሎካችንን እናቶች አናግራለሁ። ልጆቻችን አንድ ግቢ ነው የሚጫወቱት።