ከፌርማታ ውጪ

ትናንት ማታ አውቶቡስ እየነዳሁ አንዲት እናት በዶፍ ዝናብ ውስጥ ቆመው እጃቸውን አወጡልኝ። ፌርማታው ሁለት መቶ ሜትር ያህል ይቀረዋል። ከፌርማታ ውጪ መጫን ደግሞ ያስቀጣል። አለፍኳቸው። በስፖኪዮ ሳያቸው እጃቸውን ገና አላወረዱም።

ቤት ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እንደ ልማዴ ስለ ባሕር ጦርነት ማንበብ ያዝኩ። (ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ ሱሱ ከየት እንደመጣ እንጃ።) የትናንቱ ስለ ካታሊና ነበር። ውሃ ላይ ማረፍ የሚችል የአሜሪካ ባሕር ኃይል የቅኝት አውሮፕላን ነበር። የእነዚህ አውሮፕላኖች ሥራ በአብዛኛው አሰልቺ ነበር፤ አሥር ሰዓትና ከዚያም በላይ እየበረሩ ባዶ ውሃ ላይ ማፍጠጥ።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 2 ቀን 1945 ግን የካታሊና አብራሪው ሌተናንት አድሪያን ማርክስ ባዶ ውሃ አላገኘም። ኢንዲያናፖሊስ የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ ወደ 1,200 ሰው እንደጫነች በጃፓን ሰርጓጅ መርከብ ተመትታ ሰምጣ ነበር። ሦስት ቀን ተኩል ያህል የፈለጋቸው የለም። አንድ የቅኝት አውሮፕላን ነው በአጋጣሚ ያያቸው። ማርክስ ሲደርስ ሰዎቹ ውሃው ላይ ተበታትነዋል። ሻርክ ሲጎትታቸው ከላይ ያያል።

ክፍት ባሕር ላይ ማረፍ ክልክል ነበር። ማርክስ ጓዶቹን ጠየቃቸው፤ ሁሉም እናርፍ አሉ። ሞገዱ ከሦስት ሜትር በላይ ነው። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ሆዱ ተሰነጣጠቀ። ስንጥቁን በጥጥ፣ የሪቬቱን (የማያያዣ ምስማሩን) ቀዳዳ በመጻፊያ እርሳስ ደፈኑት። በእርሳስ! እዚህ ጋ ስደርስ ስልኩን አስቀምጬ ጣሪያ ሳይ ቆየሁ።

ደግሞ መጀመሪያ ያነሳው በቡድን የተያያዙትን አይደለም፤ ለብቻቸው የቀሩትን ነው። ውስጡ ሲሞላ የተረፉትን ክንፉ ላይ አስተኝቶ በፓራሹት ገመድ አሰራቸው። 56 ሰው። ከዚያ በኋላ መነሳት አልቻለም። ሌሊት የአሜሪካ የጦር መርከብ ደርሶ ሰዎቹን ወሰደ፤ ካታሊናውን በማግስቱ ራሳቸው በመድፍ አሰመጡት።

ማነጻጸሬ ራሴንም ያስቀኛል። የኔዋ እናት ረጠቡ እንጂ ሻርክ አልበላቸውም። ቢሆንም ማርክስ ቢያንስ ጠይቋል። እኔ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ይዤ «እንያዛቸው?» ለማለት አፌ አልተከፈተም። ግማሹ እኮ አይቷቸዋል።

ዛሬ እረፍት ነኝ። ነገ የተመደብኩት እዚያው መስመር ላይ ነው።