«ነገ ቢዘጉትስ?»

ዛሬ ስልክ ጥገና ቤት ተራ ስጠብቅ አንዲት እናት ስልካቸው ባትሪ ቶሎ እየጨረሰ አስቸግሯቸው መጡ። ጠጋኙ ሲከፍተው ከመዝሙረ ዳዊቱ ጎን ሦስት ቪፒኤን፣ ማለትም የተዘጋ ገጽ የሚያስከፍት መተግበሪያ፣ ተደርድሯል። «እማማ፣ ባትሪውን የሚጨርሱት እነዚህ ናቸው፤ ላጥፋልዎት?» አላቸው።

ስልኩን ከእጁ ሊነጥቁት ምንም አልቀራቸው። «ተው ልጄ! ነገ ቢዘጉትስ? ቤሩት ያለችውን ልጄን በምን አያታለሁ?»

እውነታቸውን ነው። የካቲት 2015 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያን ውዝግብ ሰሞን ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘግተው እስከ ሐምሌ ቆይተዋል። አምስት ወር! ያኔ ቪፒኤን ያልጫነ ማን ነበር? ግንኙነታችንን በምስጢር ቆልፎ በሌላ አገር ኮምፒውተር (ሰርቨር) ስለሚያሻግር ቴሌ የምንከፍተውን ገጽ አያይም። የነጻው ቪፒኤን ባለቤት ግን የምንጎበኛቸውን ድረ ገጾች ማየት ይችላል፤ እሱ ማን እንደሆነ ደግሞ የሚጠይቅ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።