ያልገዛነው ባትሪ ድንጋይ

ባለፈው ሳምንት ነው። ከኮምቦልቻ ገና መግባቴ ነበር፣ ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም፣ የእህቴ ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣች። ሰባተኛ ክፍል ናት። «ጋሼ፣ ይቺን እይልኝ፣ ልክ ናት?» አለች። ልክ መሆኗን ስላልተጠራጠረች ጥያቄው ለወግ ያህል ነው። አየሁት፦

−3 + (−5) = 8

ስምንቷ ሥር ሁለቴ ተሰምሮባታል።

«ከየት አመጣሻት?»

«ሁለት ነጌቲቭ ፖዘቲቭ ይሆናላ!»

ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄን ዋጥ አደረግኩት፣ ምክንያቱም እኔም በእሷ ዕድሜ፣ እዚሁ ደሴ፣ −7 − 5 = 12 ብዬ ጽፌ በቀይ እስክሪብቶ የተሰረዘ ወረቀት ደብቄ ቤት ገብቻለሁ። ሰበቤም ይኸው ነበር፣ ቃል በቃል።

ይቺ «ሁለት ነጌቲቭ ፖዘቲቭ» የምትባል ነገር ስንቱን ልጅ ጣለችው! ውሸት አይደለችም። ግማሿ ተቆርጦ የቀረ እውነት ናት። የማባዛት ሕግ ናት፤ −3 በ−5 ሲባዛ 15 ነው፣ አዎ። ማካፈልም ላይ ትሠራለች። ሁለት ነጌቲቭ ሲደመሩ ግን ምንም ጉዳይ የላትም። ልጆቹ ጋ እስክትደርስ «ሲባዛ» የምትለው ቃል መንገድ ላይ ትወድቅና ዜማዋ ብቻ ይቀራል። ዜማ ደግሞ አይረሳም። እኔ ብሆን ማባዛት እስኪደረስ ድረስ ክፍል ውስጥ አላስገባትም ነበር።

መጀመሪያ እኔም የተማርኩትን ደገምኩላት። ምልክታቸው አንድ ዓይነት ከሆነ ቁጥሮቹን ደምሪና ያንኑ ምልክት ስጪው፤ ከተለያየ ከትልቁ ላይ ትንሹን ቀንሺና የትልቁን ምልክት ስጪው። «ትልቁ ስልሽ ምልክቱን ሳታዪ ነው» ብዬም ጨመርኩ፣ ይሄ ደግሞ የባሰ አደናገራት። ሕጉ ልክ ነው። ራሷን ነቀነቀች፣ የሚቀጥለውን ሠርታ አሳየችኝ፣ ተሳስታለች። ሕጉን በቃሏ ይዛዋለች፣ ምን እንደሚመስል ግን በዓይኗ አላየችውም።

«ነይ፣ ሱቅ እንሂድ» አልኳት። ስኳርም አልቆ ነበር።

ሰፈራችን ዳገት ላይ ናት። (ደሴ ውስጥ ዳገት ያልሆነ ሰፈር ካለ ንገሩኝ፣ ነገውኑ እከራያለሁ።) ሱቁ ከታች ነው፣ የዱቤ ደብተሩ ደግሞ ከሚዛኑ አጠገብ በላስቲክ ታስሮ ይቀመጣል። ጥግ ጥጉ ዘይት ጠጥቷል። ስም የለበትም፣ የሁሉም ሰው ገጽ በግቢው ነው የሚጠራው። የእኛ «የላይኛው ግቢ» ይላል። ሥሩ፦ ፓስታ 80፣ ሳሙና 40፣ ባትሪ ድንጋይ 60። ድምር 180።

ልጅቷ ቀድማኝ አየችው። «ባትሪ ድንጋይ? እኛ ባትሪ ድንጋይ ምን ያደርግልናል?»

እውነቷን ነው። ሬዲዮ የለንም፣ መብራት ሲጠፋ የምንጠቀመው በስልክ ነው። ባለሱቁ ደብተሩን ወደ አምፖሉ አዙሮ አየና ግንባሩን መታ። የታችኛው ግቢ አባባ የወሰዱት ነበር፣ ለሬዲዮናቸው። «አብሽሪ» አላትና ቀይ እስክሪብቶ አንስቶ መስመር አሰመረበት። 180 የነበረው 120 ሆነ።

እዚህ ጋ አስቆምኩት፣ እሱም ሌላ ደንበኛ ስላልነበረው ቆመልኝ። «አሁን ምን ሆነ?» አልኳት። «ገንዘብ ሰጠነው?»

«አልሰጠነውም።»

«ታዲያ ሁኔታችን ተሻሻለ ወይስ ባሰ?»

«ተሻሻለ። በ60።»

እንግዲህ ነጌቲቭ መቀነስ ማለት ይኸው ነው። ዕዳ ነበረብን፣ 180፣ ማለትም −180። ከዕዳው ላይ አንድ ዕዳ ተነሳ። −180 − (−60) = −120። ማንም ምንም አልሰጠንም፣ ግን 60 ብር የተሰጠን ያህል ነው፣ ለዚህም ነው −180 + 60 ብለን ብንጽፈው መልሱ የማይለወጠው። «ሁለቱ ሰረዞች ተጋጥመው መስቀል ይሆናሉ» እያሉ የሚያስተምሩ አሉ፣ ፕላሷ ከሁለቱ ሰረዞች ተሠራች እያሉ። ለማስታወስ ጥሩ ነው፤ ለምን እንደሆነ ግን አይናገርም። የተሰረዘችው መስመር ትናገራለች።

ከዚያ ወደ መጀመሪያዋ ጥያቄ ተመለስን። ፓስታ በዱቤ ወስደን −80 ላይ ነበርን። ሳሙና ጨመርን፣ −40። −80 + (−40) ስንት ነው? «120 ዕዳ» አለች። −120። ታዲያ −3 + (−5) እንዴት 8 ሆነ? ሁለት ዕዳ ሲገናኝ ሀብት የሚሆንበት ሱቅ ካለ ንገሪኝና እኔም ልሂድ። ባለሱቁ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፣ ደብተሯን አውጥታ ስምንቷ ፊት ሰረዝ ጨመረችባት።

50 ብር ከፈልኩ። −120 + 50 = −70፤ ዕዳው ከገንዘቡ በልጦ ስለነበር አሁንም ዕዳ ላይ ነን። 200 ብከፍል ኖሮ ገንዘቡ በልጦ ባለሱቁ ዘንድ 80 ብር ይኖረን ነበር። ያ «የትልቁን ምልክት ስጪው» የሚሉት ሕግ ማን አሸነፈ የሚል ጥያቄ ነው እንጂ ሌላ ሚስጥር የለውም። ስኳሩን በጥሬ ብር ገዛን፣ ሒሳቡ እንዳይምታታ።

ዳገቱን ስንወጣ አንድ ነገር ገባኝ። ልጆቹን የሚያደናግረው ያቺ አጭር ሰረዝ ሁለት ሥራ ስላላት ነው። አንዳንዴ የቁጥሩ መታወቂያ ናት፣ ይሄ ቁጥር በየትኛው ወገን እንዳለ ትነግርሻለች። አንዳንዴ ደግሞ ትእዛዝ ናት፣ አንሺ፣ ቀንሺ ትላለች። እኛ ሁለቱንም «ማይነስ» ብለን እናነባቸዋለን። ቤት ስንደርስ በአንድ ነገር ተስማማን፤ መታወቂያዋን «ነጌቲቭ» ብላ፣ ትእዛዟን «ሲቀነስ» ብላ ጮክ ብላ እንድታነብ። «ነጌቲቭ ሰባት ሲቀነስ አምስት።» እንዲህ ስታነበው −12 ብላ ወዲያው መለሰች። የእኔ የዚያን ጊዜ ጥያቄ! ትንሽ አፈርኩ።

ሌላም አለ። ታች ክፍል ሳለን «ከ3 ላይ 7 አይቀነስም፣ ከጎረቤት ይበደራል» ይሉን ነበር። 43 ላይ 7 ሲቀነስ ሦስቷ ከአራቷ ትበደራለች። ጥሩ። ሰባተኛ ክፍል ስትደርሺ ግን 3 − 7 ብቻዋን ትመጣለች፣ ጎረቤት የላትም። ከማን ትበደር? ጎረቤት ከሌለ ዕዳው አንቺው ጋ ይቀራል፦ −4። ለዓመታት «አይቀነስም» ተብሎ የኖረ ልጅ አንድ ቀን ጠዋት «ይቀነሳል» ሲባል መደናገሩ አይገርምም፣ እኔ የሚገርመኝ ማንም ይቅርታ አለመጠየቁ ነው።

ዕዳና ሀብት ማለትን የእኔ ፈጠራ እንዳታስመስሉት። ብራህማጉፕታ የሚባል የህንድ ሊቅ በ628፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ይሄንኑ በዕዳና በሀብት ነው የጻፈው። ዕዳ ከዜሮ ላይ ሲቀነስ ሀብት ይሆናል ብሏል። የሱቃችን ቀይ መስመር ማለት ነው። ቻይናዎች ደግሞ ከእሱ በፊት በቀጫጭን ዘንጎች ሲያሰሉ ቀዩን ለፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን ለነጌቲቭ ያደርጉ ነበር። የዛሬው የሒሳብ መዝገብ ኪሳራን በቀይ ነው የሚጽፈው፣ ተገላቢጦሽ። የእኛ ባለሱቅ ዕዳ በሰማያዊ ይጽፍና በቀይ ይሰርዛል፣ ሳያውቀው ከቻይናዎቹ ጋር ነው።

ዕዳ ሁሉን ነገር አይፈታም ግን። በማግስቱ «ልዩነታቸውን ፈልጉ» የሚል ጥያቄ መጣ፣ ከባሕር ጠለል በላይና በታች። ለዚህ የእኔ መንገድ ይሻላል፣ በየቀኑ የምወርደው። ደሴ በግርድፉ 2500 ሜትር ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1850 አካባቢ። 2500 − 1850 = 650። ይሄን 650 ጆሮዬ ያውቀዋል፤ ሚኒባሱ ጥምዝምዙን ሲወርድ ይደፈንብኛል፣ ጠዋት ደሴ ላይ የለበስኩትን ጃኬት ኮምቦልቻ ስደርስ ክንዴ ላይ ነው የማንጠለጥለው። ከዚያ ከኮምቦልቻ በባቲ አድርገሽ ወደ ሚሌ፣ ወደ አፋር ውረጂ፣ ወደ ሰሜን ቀጥዪና ዳሎል ድረሺ። ዳሎል ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ለሒሳቡ −120 እንበላት። ደሴ ከዳሎል በስንት ትበልጣለች?

2380 ብላ ጻፈች። 120ን ከ2500 ላይ ቀነሰችው።

«ከደሴ ተነስተሽ ባሕር ጠለል ላይ ስትደርሺ ስንት ሜትር ወረድሽ?» አልኳት።

«2500።»

«ዳሎል ደረስሽ?»

ዝም አለች። ከዚያ እስክሪብቶውን አነሳች። 2500 − (−120) = 2620። መልሱ ከ2500 እንደማያንስ ሳታሰላም ማወቅ ይቻል ነበር፣ ገና የሚወረድ ስላለ። እኔ ከሁሉም በላይ ልጆች ይሄን ቢለምዱ ደስ ይለኛል፤ እስክሪብቶ ከመጨበጥ በፊት መልሱ ወዴት እንደሚያዘነብል መገመት።

ታናሽ ወንድሟ ከጎን ሆኖ ሲሰማ ነበር፣ ሒሳብ አልወድም የሚለው። «ይሄማ የግብ ክፍያ ነው» አለ። የግብ ክፍያ ያገባኸው ጎል ሲቀነስ የገባብህ ነው። የገባብህ ጎል በቫር፣ ማለትም ቪዲዮ ታይቶ፣ ሲሻር የግብ ክፍያህ ይጨምራል፣ አንድም ጎል ሳታገባ። አምስት ደቂቃ ሳይፈጅበት ያ ሁሉ የእኔ ንግግር በአንድ አፍ አለቀ። ኳስ የሚያዩ ልጆች ያሏችሁ ከሱቁ ይልቅ በዚህ ጀምሩ።

ስለ ባትሪ ድንጋዩ ልጨርስ። ባለሱቁ ከእኛ ገጽ የሰረዛትን 60 «የታችኛው ግቢ» ገጽ ላይ ጻፋት። አባባ ማግስቱን ሰምተው «እኔማ ልጁ ረስቶት ነው ብዬ ዝም አልኩ» አሉ፣ እየሳቁ ነው ግን ሙሉ በሙሉ እየሳቁ አይደለም። ልጅቷ ይሄን ይዛ ደብተሯ ኅዳግ ላይ −(−60) + (−60) = 0 ብላ ጻፈች። ከባለሱቁ ወገን ሲታይ ምንም አልተለወጠም ማለቷ ነው። ማንም አላዘዛትም።

ትናንት 10 ጥያቄ ሠርታ 8ቱን አገኘች። የሳተቻቸው ሁለቱ ቅንፉን ረስታ የጻፈቻቸው ናቸው። የሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ማባዛት እንጀምራለን ተብለዋል፤ ያቺ ዜማ ተመልሳ ልትመጣ ነው ማለት ነው።