ወንበሩን አይቼ ነው የምፈርደው

የቆመ ሞተር ሳይክል ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ወንበሩ ላይ ነው። ሌላው ሰው ሞተሩን፣ ማርሚታውን፣ የታንኩን ቀለም ያያል፤ እኔ የወንበር ልብስ ሰፊ ነኝ። ሙያውን የተማርኩት አዲስ አበባ፣ የታክሲ ወንበር ሲታደስ በሚዋልበት ቤት ነው። ዛሬ ለንደን ውስጥ፣ ከባቡር ሐዲድ ሥር ባለች ጠባብ ወርክሾፕ፣ ሰዎች እንደየፍላጎታቸው እንደገና ላሠሯቸው ሞተሮች ወንበር እሰፋለሁ። ቆዳው ረግቦ፣ ጭን የሚያርፍበት ስፌት ገርጥቶ ካየሁ ባለቤቱን ሳላውቀው አከብረዋለሁ። ይነዳዋል ማለት ነዋ።

እንዲህ ዓይነት ወንበር በብዛት የማየው ኤስ ካፌ ግቢ ነው። ሰሜን ምዕራብ ለንደን፣ ኖርዝ ሰርኩላር ከሚባለው መንገድ ዳር ያለ ቤት ነው። በ1938 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ለከባድ መኪና ሾፌሮች ተከፈተ፣ በጦርነቱ ጊዜ በቦምብ ተመታ፣ በ1949 እንደገና ተሠራ። ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ስለነበር ሞተር ያላቸው የሠራተኛ ልጆች መገናኛቸው አደረጉት። የሁሉም ምኞት በሰዓት 100 ማይል፣ ማለትም 160 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ መድረስ ነበር። ለዚያ የሚበቃ አዲስ ሞተር መግዣ ግን የላቸውም። ስለዚህ ያላቸውን ፈቱት።

ፓራፋንጎውን ቆረጡ፣ የማያስፈልገውን ብረት ጣሉ። መሪውን ዝቅ አድርገው የፊት ጎማውን ከያዙት ሁለት ቱቦዎች ጋር አሰሩት፤ ነጂው ታንኩ ላይ ተኝቶ ንፋሱን እንዲያመልጥ ነው። መሪው ከወረደ የእግር መርገጫው ወደ ኋላ መሄድ አለበት፣ አለዚያ የሰውነት ክብደት በሙሉ የእጅ አንጓ ላይ ይወድቃል። እግር ወደ ኋላ ሲሄድ ወንበሩም አብሮ ይሸሻል፣ ነዳጅ ሲሰጥ ሰውዬው እንዳይንሸራተት ደግሞ ከኋላው ጉብታ ይወጣለታል። ዛሬ ካፌ ሬሰር የምንለው ቅርጽ ከዚህ መጣ። ለፎቶ ብሎ የቀረጸው የለም።

ከእነዚያ ሁሉ የምወደው ትራይተንን ነው፤ ከሁለት የእንግሊዝ ሞተር ሳይክሎች የተገጣጠመ፦ የኖርተን ሻንሲ፣ የትራየምፍ ሞተር። ፌዘርቤድ የሚባለው የኖርተን ሻንሲ በ1950 ውድድር ላይ ሲወጣ ኩርባ ላይ የሚተካከለው አልነበረም። በዚያው ዘመን ትንንሽ የውድድር መኪና የሚሠሩ ሰዎች ማንክስ የሚባለውን የኖርተን የውድድር ሞተር ሳይክል ሞተር ይፈልጉ ነበር፤ ፋብሪካው ሞተሩን ለብቻው አልሸጥም ስላለ ሙሉውን ሞተር ሳይክል እየገዙ ሞተሩን ያወጡት ጀመር። ባዶ ሻንሲ ተረፈ። እጀ ብልሆቹ የትራየምፍን ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር አምጥተው እዚያ ላይ አስቀመጡት። ሱማሌ ተራን ለሚያውቅ ሰው ይህን ታሪክ ማብራራት አያስፈልግም፤ ከአንዱ የተረፈው ለሌላው ነፍስ ሲሆን እያየን ነው ያደግነው።

አንድ ቄስም አሉ፣ ቢል ሸርጎልድ። ጋዜጣው ሞተረኞቹን ወሮበላ እያለ በሚጽፍበት በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ እሳቸው ራሳቸው ሞተራቸውን ነድተው ኤስ ካፌ ድረስ ሄዱና ልጆቹን ቤተ ክርስቲያን ኑ ብለው ጋበዟቸው። ልጆቹም መጡ። ፊፍቲ ናይን ክለብ የሚባለው የቤተ ክርስቲያን የወጣቶች ክበብ የሞተረኛ ቤት የሆነው በእሳቸው ነው። እኚህን ሰው ሳስብ ደስ ይለኛል።

ካፌው በ1969 ተዘጋ፤ ጎማ የሚሸጥበት ቤትም ሆኖ ነበር። ማርክ ዊልስሞር የሚባል የቀድሞ ፖሊስ ለዓመታት ደክሞ በ2001 መልሶ ከፈተው።

አሁን ሞተርና ቡና በአንድ ጣራ ሥር ማድረግ የዓለም ፋሽን ሆኗል። ዴየስ ኤክስ ማኪና በ2006 ሲድኒ ውስጥ ተነስቶ ባሊና ካሊፎርኒያ ደረሰ። እዚሁ ለንደን፣ ሾርዲች ሰፈር፣ ባይክ ሼድ የሚባለው በባቡር ድልድይ ቅስቶች ሥር ምግብ ቤት፣ ጸጉር ቤትና የልብስ ሱቅ ይዞ ተከፈተ። ሰው ያሰባስባሉ፣ ለእኛ ለባለሙያዎችም ሥራ ያመጣሉ፤ ክፉ አልናገርም። የምከራከረው ከመጣው ልማድ ጋር ነው። ሳንቃ የመሰለ ወንበር ተሠርቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ሞተሩ ከዚያ በኋላ አይንቀሳቀስም። ሃያ ደቂቃ የማያስቀምጥ ወንበር ሰፍቼ ገንዘብ መቀበል አልችልም።

በቅርቡ እዚሁ የተወለደ የእኛው ልጅ ያማሃ ኤስአር 400 ይዞ መጣ፣ በእግር ብቻ የሚነሳውን። ስልኩ ላይ ፎቶ አሳየኝና፣ «ጋሼ፣ ከዚህ እንዳይወፍር» አለኝ። የት ነው የምትነዳው አልኩት። ብራይተን አለኝ፣ ከለንደን ውጪ ያለችው የባሕር ዳር ከተማ፣ እናቱ ጋ።

ባዶው ብረት ላይ አስቀመጥኩትና አጥንቱ የሚያርፍበትን በጠመኔ አከበብኩ። እዚያ ቦታ ብረቱን ወደ ታች አጎደጎድነው። ጠንካራውን ስፖንጅ ከሥር፣ ለስላሳውን ከላይ በማስቲሽ አጣበቅኩ፣ ከዚያ ጠርዙን በጥርሳም ቢላዋ እያሳሳሁ ወረድኩ። ከጎን ሲያዩት ልክ ፎቶው ላይ ያለው ነው፤ ውፍረቱ መሃል ላይ ተደብቋል። ልብሱን የበሬ ቆዳ አደረግኩለት። የአገራችን የበግ ቆዳ ለጓንት ወደር የለውም፣ ስስ ሆኖ ጠንካራ ነው፣ ለወንበር ግን አይሆንም፤ ይለጠጣል። ልጁ ብራይተን ደርሶ ሲመለስ መጀመሪያ የነገረኝ ስለ መንገዱ ነበር። ስለ ወንበሩ አንድም አላነሳም፤ ጥሩ ወንበር እንዲያ ነው።

ለንደን ያላችሁ ኤስ ካፌን ሄዳችሁ እዩት፣ ሞተር ባይኖራችሁም። ሻይ ይዛችሁ ግቢው ውስጥ ዞር ዞር በሉ፣ ባለቤቶቹን ጠይቁ፤ ስለ ሞተሩ የጠየቁትን ሰው የሚገፋ የለም። አዲስ አበባ፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ የሞተር ወንበር የምትሰፉ ደግሞ ጻፉልኝ። ምን ዓይነት ስፖንጅ ታገኛላችሁ? ፀሐዩ ማስቲሹን ሲያላቅቅባችሁ ምን ታደርጋላችሁ?