ጥጓን ቁረጥልኝ

የምሠራው ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የሕትመትና ማስታወቂያ ቤት ነው። ባነር፣ ስቲከር፣ ቢዝነስ ካርድ፣ የሠርግ ጥሪ፣ አንዳንዴም የሐዘን ምስጋና እናትማለን። ደንበኛ ሁሉ «ለዛሬ ይድረስልኝ» ነው የሚለው። እስከ ዛሬ የት ነበርክ ብሎ መጠየቅ ደግሞ ነውር ነው።

አንድ ቀን የአንድ ሆቴል የግዢ ሠራተኛ መጣ። ሆቴሉ እድሳት ላይ ነበር። ኮሪደሩ ተቀብቷል፣ ወንበሩ ተቀይሯል፣ የቀረው ግድግዳው ላይ የሚሰቀል ስዕል ብቻ ነው። ፍላሹን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና «እህቴ፣ እነዚህን በካንቫስ አውጡልኝ፤ አንድ አንድ ሜትር ይሁኑ» አለኝ። በካንቫስ የታተመ ፎቶ በእንጨት ፍሬም ሲወጠር ከሩቅ ለሚያየው በእጅ የተሳለ ይመስላል። ዋጋው ከስዕል ጋር አይወዳደርም። ለዚህ ነው ሆቴሎች የሚወዱት።

ፋይሎቹን ከፈትናቸው። የፓሪሱ ማማ አለ። የት እንዳለ የማይታወቅ ፏፏቴ አለ። የቡና ፍሬ በነጭ ሲኒ አለ፤ እሱማ የትም ሆቴል አይጠፋም። ከመሀል ሦስቱ ግን ሌላ ነበሩ፤ በእጅ የተሳለ ስዕል ፎቶ ናቸው። ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያችን አሞራ ገደል ነው። ጀልባዎቹ ዳር ወጥተዋል፣ ልጆች መረብ ይፈታሉ፣ አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ ወፎች የዓሣ ሆድ ዕቃ እስኪጣልላቸው ቆመዋል። ካፖርታቸውን ደርበው ፍርድ ቤት በር ላይ ቀጠሮ የሚጠብቁ ሽማግሌዎች ነው የሚመስሉት። ሐይቁ ሰማያዊ አይደለም፤ የጡብ ቀለም ነው። ሐዋሳ ተወልጄ አድጌ ሐይቁን በዚያ ቀለም አስቤው አላውቅም።

«እነዚህን ከየት አመጣሃቸው?» አልኩት።

«ቴሌግራም ላይ ተለጥፈው ነው ያገኘኋቸው።»

መጀመሪያ ያየነው ችግር የጥራት ነው። ቴሌግራም ፎቶን በፋይል መልክ ካልላክኸው ያሳንሰዋል። የመጣልን ምስል በረጅሙ ጎኑ 1280 ፒክስል ነበር። ያንን አንድ ሜትር ላይ ስትለጥጠው ለአንድ ኢንች የሚደርሰው 32 ነጥብ ገደማ ነው። ሰው ቀርቦ የሚያየው ሕትመት ቢያንስ 100፣ ቢቻል 150 ይፈልጋል። በ32 ከታተመ የአባ ኮዳው ምንቃር እንደ ደረጃ ተቆራርጦ ነው የሚወጣው። ይሄን ስነግረው «ከሩቅ ነው የሚታየው» አለኝ። የሆቴል ኮሪደር ስፋቱ ስንት እንደሆነ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ሁለተኛውን ችግር ያገኘው ዲዛይነራችን ነው። ምስሉን አቅርቦ ሲያየው ከታች በቀኝ በኩል ፊርማ አለ። አንድ «ሐ» ብቻ። አንደኛው እግሯ ወደ ላይ ታጥፎ የዓሣ መንጠቆ ሆኗል።

«ጥጓን ቁረጥልኝ» አለው የግዢ ሠራተኛው። «የማናውቀው ሰው ፊርማ ሆቴላችን ውስጥ ምን ይሠራል?»

የቤታችን ባለቤት ከዓመታት በፊት የሌላ ሰው ፎቶ ያለ ፈቃድ ታትሞ ከፎቶ አንሺው ጋር ጣጣ ውስጥ ገብቶ ያውቃል። ከዚያ ወዲህ የቅጂ መብት አዋጁ ከባንኮኒው ሥር መሳቢያ ውስጥ ከቀለም ካርትሪጅ ጋር ይኖራል። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይላል። አውጥቼ አሳየሁት። ሥራው ከተሠራ ጀምሮ ጥበቃ አለው፤ ምዝገባ ግዴታ አይደለም። የገንዘብ መብቱ ባለሥራው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ከዚያ ሌላ ስሙ እንዲጠቀስለት የመጠየቅና ሥራው እንዳይቆራረጥበት የመቃወም መብት አለው። «ጥጓን ቁረጥልኝ» ማለት በአንድ መቀስ ሁለቱንም መቁረጥ ነው።

ሰውየው ክፉ አይደለም። አለቃው እስከ ዓርብ ግድግዳው እንዲሞላ ፈልጓል፣ የተሰጠችው ብር ትንሽ ናት። «እሺ ታዲያ ባለቤቱን ከየት አመጣዋለሁ? ይሄኔ አዲስ አበባ ይሆናል» አለ።

ዲዛይነራችን ግን ከስክሪኑ ላይ ዓይኑን አልነቀለም። «እትዬ» አለኝ፤ የሚበልጠኝ በቁመት ነው እንጂ በዕድሜ ታናሼ ነው። «ይቺን ሐ አውቃታለሁ። አቶቴ ሰፈር ያለው ጸጉር ቤት ታፔላ ላይ አለች።»

በሻይ ሰዓት ሄደን አየነው። እውነትም ናት። በቆርቆሮ ላይ በዘይት ቀለም የተጻፈ፣ ፀሐይ የበላው ታፔላ ነው። «ሐዋሳ» የምትለዋ ቃል ላይ የሐ እግር ወደ ላይ ታጥፏል። ጸጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ ሳቀብን። «እሱ ልጅ ታፔላ ከተወ ቆየ። አሁን የባጃጅ ጀርባ ነው የሚጽፈው» ብሎ ጋራዡን ጠቆመን።

ልጁን ጋራዡ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ባጃጅ ላይ ሲጽፍ አገኘነው። ስልኬን አውጥቼ ምስሉን አሳየሁት። ይናደዳል ብዬ ስጠብቅ ስልኩን ወደ ጥላ አዞረና «ቀለሙን አበላሽተውታል» አለ። ለካ ሥራውን የገዛው ሰው ማታ በአምፖል ብርሃን አንስቶ ነው የለጠፈው። ያ ልቤን የወሰደው የጡብ ቀለም የአምፖሉ ነው። ሰዓሊው የቀባው ሐይቅ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ግራጫ ነበር፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከታቦር ተራራ በኩል የሚታየው ዓይነት። ዋናውን ካየሁ በኋላ የሱ እንደሚበልጥ አምኛለሁ። የአምፖሉም ግን መጥፎ አልነበረም፣ እውነቱን ለመናገር።

ቤቱ አንድ ክፍል ናት። የሚስለው በአቡጀዲ ላይ ነው። አቡጀዲውን በእንጨት ላይ ይወጥርና በነጭ የውኃ ቀለምና በኮላ ይቀባዋል፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሰዋል፣ ደግሞ ይቀባዋል። የሚሠራው በዘይት ቀለም ነው፤ ለቆርቆሮ በሚሸጠው። የሰዓሊ ቀለም ውድ ነው፣ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። ያለቀላቸው ሥራዎች ተጠቅልለው አልጋው ሥር ገብተዋል። ከነሱ አንዱን ሲዘረጋው ክፍሏ አልበቃችውም፤ እኔ ደጅ ወጣሁ። የበዓሉ አደባባይ ጉዱማሌ ነው፣ በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፍቼ ጫምባላላ ቀን። የሰው ብዛት፣ የአዛውንቶቹ ነጭ ልብስ፣ ከመሀል አንዲት ልጅ በስልኳ ስትቀርጽ።

ስዕል ላይ እንዴት እንዳተኮረ ጠየቅሁት።

«የእናንተ ማሽን ነው ከመሰላል ያወረደኝ» አለኝ። ቂም የለውም፣ እየሳቀ ነው። ባነር በአንድ ሰዓት ታትሞ መውጣት ሲጀምር ታፔላ የሚያስጽፍ ሰው ጠፋ። እጁ ሥራ ሲፈታ ወደ አቡጀዲው ዞረ። ምን እንደምመልስለት ጠፋኝና የቀለሙን ዋጋ ጠየቅሁት።

እንዲህ ያለ ሰው ብቻውን እንደማይሆን ገምቼ ሌላ ማን እንዳለ ጠየቅሁት። «የሠርግ ቪዲዮ የሚቆርጠውን ታውቂዋለሽ?» አለኝ። አውቀዋለሁ እንጂ! የሲዲ ሽፋን የምናትምለት ደንበኛችን ነው። ያላወቅሁት ማታ ማታ አጭር ፊልም እንደሚሠራ ነው። ሌላ ከተማ ያለ የሠርግ ቪዲዮ ሠራተኛ ዓቢይ ጾም ሲገባ እረፍት ያገኛል። ሐዋሳ ግን ፕሮቴስታንቱ ብዙ ነውና በጾሙም ሠርግ አለ፤ ልጁ ፊልሙን የሚሠራው ከእንቅልፉ እየቀነሰ ነው። ሄጄ አየሁለት። 2008 ዓ.ም ከተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ስለሚሠሩ ልጆች ነው፤ አንድ ክፍል በጋራ ተከራይተው በፈረቃ ስለሚተኙ። ንግግር የለውም ማለት ይቻላል። አንዷ ስትገባ ሌላዋ ትወጣለች፣ ፍራሹ ግን አይቀዘቅዝም። ካሜራው ፍራሹ ላይ ይቆያል፣ ይቆያል... ትንሽ በዛ ብዬዋለሁ። እሱም «ሁሉም እንደዚያ ይላል» ብሎኝ አልቆረጠውም።

የዚያን ፊልም ድምፅ የሠራው ሦስተኛው ልጅ ነው። ማታ ሆቴል ውስጥ ኪቦርድ ይጫወታል፤ እንግዳ ያዘዘውን ሁሉ። ቀን ደግሞ ግድግዳዋን በእንቁላል ካርቶን በሸፈናት ክፍል ውስጥ ክራርን ከላፕቶፕ ድምፅ ጋር ያዋህዳል። ጠዋት አሞራ ገደል ሄዶ የዓሣ ቢላዋ ሲሳል፣ ባጃጅ ሲነሳ፣ ሻጮቹ ሲጠሩ ይቀዳል። ያንን እየከተፈ ምት ያደርገዋል። የምወደው ሙዚቃ ዓይነት አይደለም፤ እግሬ ግን ሳላዘው ወለሉን ይመታ ነበር።

ሦስቱም የኛው ደንበኞች ወይም የደንበኞቻችን ጎረቤቶች ናቸው። አንዱን በባጃጅ ጽሑፍ፣ አንዱን በሠርግ፣ አንዱን በኪቦርድ ነው ከተማው የሚያውቃቸው። አዲስ አበባ ቢሆን ጋለሪ ገብተህ ትጠይቃለህ። እዚህ ቀለም ሻጩን፣ ድምፅ ማጉያ አከራዩን፣ ጸጉር አስተካካዩን ነው የምትጠይቀው። እኔማ ከዚያ ወዲህ ታፔላ ሳላነብ አላልፍም።

ወደ ሥራው ልመለስ። የግዢ ሠራተኛውን ከሰዓሊው ጋር አገናኘሁት። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ መጀመሪያ የጠየቀው «የት ነው የተመረቀው?» ብሎ ነው። ሰዓሊው አለ ፈለገ ሰላም እ.ኤ.አ. በ1957 አዲስ አበባ ከመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጣ ሰዓሊ ነበር የፈለገው፤ ይሄ ደግሞ የወጣው ከታፔላ ነው። የጉዱማሌው ስዕል ሲዘረጋለት ግን ዝም አለ። ፍቼ ጫምባላላን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 እንደመዘገበው የግዢ ሠራተኛው ጣል ሲያደርግለት ጭራሽ ተነሳና ቀርቦ አየው። የጉዱማሌውን ስዕል ለእንግዳ መቀበያው ሊገዛ፣ የአሞራ ገደሎቹን ሦስቱን ደግሞ በፈቃድ ሊያሳትም ተስማማ። ፈቃዱን በጽሑፍ አደረግነው። ስንት ቅጂ፣ በምን መጠን፣ የት እንደሚሰቀል፤ አንድ ገጽ አልሞላም።

ከዚያ ደረሰኝ መጣ። ሰዓሊው ቲን፣ ማለትም የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የለውም። ቲን ለሌለው አቅራቢ የሚከፍል ድርጅት ያኔ 30 ከመቶ ቆርጦ ማስቀረት ነበረበት። ልጁ ስሌቱን ሲሰማ ስዕሉን መልሶ መጠቅለል ጀመረ። እኔ በበኩሌ ከችሎታ ይልቅ ብዙዎቹን ከገበያ የሚያስቀራቸው ይሄ ወረቀት ይመስለኛል። ባጃጅ ስትጽፍ ማንም ቲን አይጠይቅህም፤ ሆቴል ስትገባ ይጠይቅሃል። በማግስቱ ገቢዎች ሄዶ አሻራ ሰጠ፣ ቁጥሩን ይዞ መጣ።

ስዕሎቹን ገዢያቸው ቤት ሄደን በቀን ብርሃን፣ ከበረንዳው ጥላ ሥር በደህና ካሜራ እንደገና አነሳናቸው። ሲታተሙ ሰዓሊው ማሽኑ አጠገብ ቆሞ ነበር። መጀመሪያ ትንሽ ቁራጭ አወጣን። «ሰማያዊው በዛ» አለ። ቀነስን። «አሁን ሞተ» አለ። የሱን ወይን ጠጅ ግራጫ ማሽናችን ሊያመጣው አልቻለም፤ ያለን አራት ቀለም ነው፣ እሱ ቀለሙን በጣሳ ነው የሚያዋህደው። ዲዛይነራችን እልህ ይዞት አመሸ። በመጨረሻ የወጣችውን ቁራጭ ሰዓሊው ወደ በሩ ወስዶ አያትና «ትበቃለች፤ ዋናው የኔ ነው» አለ።

አንድ ክርክር ቀረ። ከስዕሎቹ ሥር በሚለጠፈው ካርድ ላይ ስሙም ስልክ ቁጥሩም እንዲኖር ፈለገ። ሥራ አስኪያጁ ስልኩን እምቢ አለ፣ ሆቴል እንጂ ሱቅ አይደለም አለ። ስሙ ብቻ ተጻፈ፣ ስልኩን እንግዳ መቀበያ ያሉት ልጆች ለጠየቀ ሁሉ እንዲሰጡ ተስማሙ። የፓሪሱ ማማና ፏፏቴው ከትዕዛዙ ወጡ። የቡና ሲኒው ግን አልቀረም፤ ባለሙያ ፎቶ አንሺ ተቀጥሮ ሆቴሉ የራሱን ሲኒ አስነሳ።

ባለፈው የግዢ ሠራተኛው ደወለልኝ። ሆቴሉ በረንዳው ላይ ቅዳሜ ማታ ሙዚቃ ሊጀምር አስቧል፤ ስለዚያ ክራር ስለሚያዋህደው ልጅ ሰምቷል። ምን ዓይነት ሙዚቃ እንደሆነ ልነግረው ስጀምር አቋረጠኝ።

«እሱን አለቃዬ ይሰማዋል። እኔን ንገሪኝ፣ ቲን አለው?»