ጎድን ለብዙ ሰው ስትጠብሱ፣ በጎኑ አቁሙት

ስደት ላይ ጓደኛ የሚገናኘው ፈረቃ ሲፈቅድ ነው። አንዱ ሌሊት ይሠራል፣ ሌላው ቅዳሜና እሁድ የለውም። የሁሉም እረፍት የገጠመ ቀን ቤቱ ይሞላል፣ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ጎድን ይጠበሳል። ግሪላችን ግን 57 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት ክብ ናት። ከሰሉን ወደ አንድ ጎን ሰብስበን ስጋውን እሳት በሌለበት በኩል ስናጋድመው ከሁለት ሙሉ ጎድን በላይ አትይዝም። ስለዚህ በዙር ይበላ ነበር፤ ጠባሹ ትኩስ ሳይቀምስ፣ ሁለተኛው ዙር ሳይደርስ ሥራ የሚገባው ሰው ተነስቶ ይሄዳል። ይሄ በጣም ያሳዝነኝ ነበር፤ የተሰበሰብነው አብረን ልንበላ ነዋ!

መላ የሆነን የጎድን ማቆሚያ ሽቦ ነው። የታጠበ ሳህን እንደሚደረደርበት ሽቦ ሆኖ ጎድኑን በጎኑ አቁሞ ይይዛል። ሁለት በሚተኛበት ቦታ አራት ይቆማል። ስቡም ስጋው ላይ ሳይጠራቀም ወደ ታች ይወርዳል፤ ከስር ውሃ ያለበት ትሪ ካስቀመጣችሁለት እሳቱ ላይ ተንጠባጥቦ አይንቦገቦግም።

ቦታ ተገኘ ብሎ መጠቅጠቅ ግን አያዋጣም። ስጋ ከስጋ ከተነካካ ሙቀትና ጭስ አያልፍበትም፣ የተነካካው ቦታ ገርጥቶ ይቀራል። በመሃላቸው ቢያንስ ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ይኑር፤ ካልሆነ አንድ ቀንሱ። የበሬ ጎድን ደግሞ ሰፊ ስለሆነ ሲቆም ክዳኑን ሊገፋ ይችላል። ከሰሉን ሳትለኩሱ በፊት ሽቦውን ከነስጋው አስገብታችሁ ክዳኑ መግጠሙን እዩ። በጣም ወፍራም ከሆነ ክፍተቶቹ ውስጥም አይገባም፣ እሱን አጋድሙት።

ከአጥንቱ በኩል ያለችውን ስስ ሽፋን በቢላ ጫፍ አንሱና በደረቅ ሶፍት ይዛችሁ ግፈፏት፤ ከቀረች አታላምጥም። ሙቀቱ ከ110 እስከ 135 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን። ጎድን ጅማት ይበዛዋል፣ ጅማት የሚቀልጠው ደግሞ ቀስ ብሎ ነው፤ እንደ ውፍረቱ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ይወስዳል። ክዳኑን በየደቂቃው እየከፈቱ ማየት ጊዜውን ከማራዘም በቀር ጥቅም የለውም። መሃል ላይ ግን አንዴ ክፈቱና ቦታ አቀያይሩ፤ ከሰሉ አጠገብ ያለው ይቀድማል፣ ከኋላ የተከለለው ይዘገያል። ብዙ ሰው ይሄን ይዘለዋል፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ ለውጥ ያየሁበት እሱ ላይ ነው።

መብሰሉን በመቆንጠጫ አንስታችሁ እዩ፤ ጎንበስ ብሎ ላዩ መሰንጠቅ ከጀመረ ደርሷል። ቴርሞሜትር ካላችሁ አጥንት ሳያስነኩ በአጥንቶቹ መሃል ሲወጋ ከ90 እስከ 95 ዲግሪ ማሳየት አለበት።

ሶስ የምትቀቡት ከማቆሚያው ካወጣችሁት በኋላ ነው። ቆሞ ሲቀባ ሁሉም ወደ ትሪው ይፈሳል። ስኳር ያለበት ሶስ ቶሎ ስለሚያር መጨረሻ ላይ አጋድማችሁ ቀቡት፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ። ተራ የሚጠብቀውን በፎይል ጠቅልሉት፣ አይቀዘቅዝም።

ማቆሚያውን ስትገዙ እግሩ ሰፋ ያለ፣ ስጋ ሲጫንበት የማይንገዳገድ ምረጡ። ከተበላ በኋላ ሙቅ ውሃና ሳሙና ውስጥ ዘፍዝፉት። የማያጣብቅ ቅብ ያለው ከሆነ የሽቦ ብሩሽ ስለሚልጠው በስፖንጅ ብቻ እጠቡት።