«2100» የሚለውን ቁጥር አምኜ ያስመጣሁት ስልክ

ታላቅ እህቴ ከሜሪላንድ ስልክ ልትልክልኝ ስትነሣ አንድ የሚያውቅ ሰው በሳጥኑ ጀርባ ላይ የተጻፈው ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ቢነግረኝ ኖሮ፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ ደጅ ባልጠናሁ፣ ከአራት ሺህ ብር በላይም ባላወጣሁ ነበር። ይህን የምጽፈው በተለይ ከአሜሪካ ርካሽ ስልክ ሊላክላቸው ለተቃረበ ሰዎች ነው።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ፣ ወደ አዳማ የሚወስደው የክፍያ መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ፣ በአንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሦስት ትናንሽ ነጋዴዎችን ሒሳብ እይዛለሁ፤ እነርሱ ደረሰኞቻቸውን ፎቶ እያነሡ በቴሌግራም ይልኩልኛል፣ እኔም መዝግቤ እመልስላቸዋለሁ። የአሮጌው ስልኬ ባትሪ አብጦ ጀርባውን ሲገነጥለው ለእህቴ ነገርኳት። የሦስት ስልኮች ፎቶ ላከችልኝ፣ አንዱን መረጥኩ፣ ገዛችው፣ በመንገደኛ መጣ።

በጥንቃቄዬ ኮርቼ እንደነበር መደበቅ አልፈልግም። ስልኩ በአንድ የአሜሪካ ኔትወርክ ያልተቆለፈ፣ ማለትም «አንሎክ» የሆነ መሆኑን ሦስት ጊዜ አስጠይቄአለሁ። የሳጥኑን ጀርባም ፎቶ አስነሥቼ አንብቤዋለሁ፤ «4ጂ» ይላል፣ ዝቅ ብሎም «850፣ 1900፣ 1700/2100» ይላል። የአገራችን 3ጂ በ2100 ሜጋኸርዝ እንደሚሠራ አውቅ ስለነበር ያቺን «2100» ሳይ «አለ፣ ግዢው» አልኳት። ጥፋቱ እዚህ ላይ ተፈጸመ፤ ጥፋተኛውም እኔ ነኝ።

ሲሙን ስከት ስልኩ ወዲያው ኔትወርክ ያዘ። ለባለቤቴ ደወልኩ፣ ድምፅዋ ጥርት ብሎ ተሰማኝ፤ አጭር መልእክትም ገባልኝ። ደውሎ የተሰማው ሰው ስልኩ ይሠራል ብሎ ነው የሚያስበው። ዳታውን ስከፍት ግን ከምልክቱ መስመሮች አጠገብ አንዲት ትንሽ የላቲን «ኢ» ቆመች። ያቺ ፊደል ኤጅ የተባለው የ2ጂ ዳታ ምልክት ናት፤ ለጽሑፍ እንጂ ለፎቶ አትሆንም። የመጀመሪያው ደረሰኝ ክቡን እያዞረ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀብኝ፤ ሰዓት ይዤ ነው የቆጠርኩት።

ከዚህ በኋላ ያባከንኩትን ጊዜ ሳስበው የሚያናድደኝ፣ ሁሉም ሰው አንድ የተዘጋጀ መልስ የነበረው መሆኑ ነው፦ «ቱሉ ዲምቱ ዳር አገር ስለሆነ ነው»። ጎረቤቱ ይህን ይላል፣ የሥራ ባልደረባ ይህን ይላል፣ እኔም አመንኩ፤ ከከተማ ዳር የምንኖር ሰዎች መብራቱም ውኃውም ሲጠፋ ይህንኑ መልስ ለምደነዋልና። መሀል ከተማ መስቀል አደባባይ ላይ ቆሜም ያቺው «ኢ» ከአናቱ እንዳልወረደች አይቻለሁ፤ ግን ያየሁትን ነገር አላሰብኩበትም።

ወደ አገልግሎት ማዕከል ሦስት ጊዜ ሄድኩ። በመጀመሪያው ቀን ቁጥር ይዤ ሁለት ሰዓት ያህል ከጠበቅኩ በኋላ ሠራተኛዋ ኤፒኤን የተባለውን፣ ስልኩ ወደ ኢንተርኔት የሚገባበትን ቅንብር አስተካክላ ሰጠችኝ። ለውጥ አልነበረም። በሁለተኛው ቀን ሌላ ሠራተኛ ሲሙ አርጅቷል ብሎ ቀየረልኝ። ለውጥ አልነበረም። በሦስተኛው ቀን «ቀፎዎ 4ጂ የሚቀበል መሆኑን ያረጋግጡ» ተባልኩ፤ ሳጥኑን ከፌስታል አውጥቼ «4ጂ» የሚለውን በጣቴ ሳሳይ ሠራተኛው ሳጥኑን አየት አደረገና «እንግዲያው የአካባቢዎ ሽፋን ነው» አለኝ። ሦስቱም ትሑቶች ነበሩ። ነገር ግን ከሦስቱ አንዳቸው እንኳ «የትኛውን ባንድ ነው የሚቀበለው?» ብለው አልጠየቁኝም (ባንድ ማለት ስልክና ታወር የሚነጋገሩበት፣ ቁጥር የተሰጠው የድግግሞሽ ክልል ነው)፤ «4ጂ የሚቀበል ቀፎ» የሚለው ምክር ይህ ጥያቄ ካልተከተለው ሰውን ከማሳሳት በቀር ጥቅም የለውም።

ከዚያ የባሰውን ስሕተት ሠራሁ፤ ሁለት ታክሲ ይዤ መገናኛ ወዳለ ጥገና ቤት ሄድኩ። ወጣቱ ስልኩን ገለባብጦ አየና «ጋሼ፣ ይሄ ባንዱ ተዘግቶ ነው፤ በሶፍትዌር እከፍትልዎታለሁ» አለኝ። 1,500 ብር ከፍዬ ፍላሽ ተደረገ፣ ማለትም ሶፍትዌሩ እንደ አዲስ ተጫነ። በስልኩ ካሜራ ያነሣኋቸው የሁለት ሳምንት ደረሰኞች ጠፉ፤ የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ቅጂ ሳልይዝ ስልክ ለሰው መስጠቴን እስከ ዛሬ ለደንበኞቼ በሙሉ አፌ አልተናገርኩም። «ኢ»ዋ ግን እንዳለች ናት። ስመለስ «እንግዲያው አንቴናው ነው» ብሎ ጀርባውን በሙቀት ከፈተ፣ ቀጭን ሽቦ ቀየረ፣ 2,800 ብር ተቀበለ፣ መልሶም በማጣበቂያ ዘጋው። እስከ ዛሬ በግራ ጠርዙ በኩል ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት አለ፤ ከማጣበቂያውም አንዲት ጠብታ የድምፅ መጨመሪያው ቁልፍ አጠገብ ደርቃ ቀርታለች። ልጁ አታለለኝ አልልም፤ የተናገረውን የሚያምን ይመስለኛል። ነገር ግን አንድ ባንድ ለመሥራት በስልኩ ውስጥ የራሱ ማጣሪያና ማጉያ ያስፈልገዋል፤ ርካሽ ስልክ ላይ እነዚህ ከፋብሪካው ሳይገጠሙ ከቀሩ ፍላሽ ማድረግ የሌለን ዕቃ አይፈጥርም።

ነገሩን የፈታው የጎረቤቴ ልጅ፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ሳሎናችን ተቀምጦ «ጋሼ፣ እስቲ ሲምዎን እኔ ስልክ ላይ እንሞክረው» አለኝ። እዚሁ አገር የተገዛ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ርካሽ ስልክ ነው የያዘው። ሲሜን ከተተበት፣ እዚያው ሶፋ ላይ 4ጂ አለ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። በመጀመሪያው ቀን ላደርገው የሚገባኝን ነገር በስድስተኛው ሳምንት አንድ ልጅ አደረገልኝ።

በዚያ ምሽት በስልኩ ቅንብር ውስጥ «ስለ ስልኩ» ከሚለው ቦታ የሞዴሉን ሙሉ ቁጥር ወስጄ የባንዶቹን ዝርዝር ፈለግኩ። ስልክ ከታወር የሚሰማበት ድግግሞሽና ለታወር የሚመልስበት ድግግሞሽ የተለያዩ ናቸው። የእኛ 3ጂ በሚሠራበት ባንድ 1 ስልኩ የሚሰማው ከ2110 እስከ 2170 ሜጋኸርዝ ባለው ነው፤ የሚመልሰው ደግሞ ከ1920 እስከ 1980 ባለው። በሳጥኑ ላይ «1700/2100» ተብሎ የተጻፈው የአሜሪካው ባንድ 4 ግን የሚሰማው ከ2110 እስከ 2155፣ የሚመልሰው ከ1710 እስከ 1755 ባለው ነው። ጆሮው የእኛ፣ አፉ ግን የአሜሪካ ነበር ማለት ነው። እኔ ያነበብኩት የጆሮውን ቁጥር ብቻ ነው።

በ4ጂውም እንዲሁ ነው። ስልኬ ባንድ 2፣ 4፣ 5፣ 12፣ 66 እና 71 ነበሩት፤ ሁሉም ለአሜሪካ የተመደቡ ናቸው። እኛ ዘንድ የሚያስፈልገው ባንድ 3 ነው፤ 1800 የሚባለው ይኸው ሲሆን ታወሩ ከ1805 እስከ 1880 ባለው ያስተላልፋል። አሜሪካኖቹ ደግሞ ከ1850 እስከ 1910 ያለውን በባንድ 2 ስልኮቻቸው ለታወር እንዲመልሱበት ሰጥተውታል፤ ሁለቱ ስለሚጋጩ የእነርሱ ኔትወርኮች በባንድ 3 አይሠሩም፣ ለእነርሱ ብቻ የተሠራ ርካሽ ስልክም ለባንድ 3 ወጪ አያወጣም። በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ክፍፍል አፍሪካ ከአውሮፓ ጋር በአንደኛው ቀጠና፣ አሜሪካ በሁለተኛው የተመደቡት ቀድሞ ነው። ስልኬ መደወል የቻለው የ2ጂ 900 እና 1800 ስለነበሩት ብቻ ነው፤ ያታለለኝም ይኸው ነው።

«አንሎክ ከሆነ የትም ይሠራል» የሚላችሁን ሻጭ አትስሙ። ቁልፍ መክፈት የሶፍትዌር ጉዳይ ነው፣ ባንድ ግን የዕቃ ጉዳይ ነው። በሜጋኸርዝ የተጻፈውን ትታችሁ የባንዱን ቁጥር ጠይቁ፤ ለ3ጂ ባንድ 1፣ ለ4ጂ ባንድ 3 ከሌለው በነጻ ቢሰጣችሁ እንኳ ለዳታ አትቀበሉት። የስልኩን ስም ብቻ ይዛችሁም አትፈልጉ፤ አንድ ስም ያላቸው ስልኮች በየአገሩ የተለያዩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው አይፎን 5 እንኳ ኤ1428 የተባለው 4ጂውን በባንድ 4 እና 17 ብቻ ሲቀበል፣ ኤ1429 የተባለው ግን ባንድ 3 ነበረው፤ በመልክ አይለዩም። ኮከብ መሰላል 06 መሰላል ብላችሁ የምታገኙት የስልኩን መለያ ቁጥር እንጂ ባንዶቹን አይደለም፤ ይህን ደግሞ ስንቱ እንደ ማረጋገጫ ሲያሳየኝ ኖሯል። እኔ ብጠየቅ፣ ከአሜሪካ ከሚመጣ አዲስ ርካሽ ስልክ ይልቅ ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ስልክ እመርጣለሁ። ከአሜሪካ የሚመጡ አዳዲስና ውድ አይፎኖች ባንድ 3 አላቸው፤ ነገር ግን ከአይፎን 14 ጀምሮ እዚያ የሚሸጡት የሲም ማስገቢያ የላቸውምና ኢሲም፣ ማለትም ያለ ካርድ ስልኩ ላይ የሚጫን ሲም፣ ሳታዘጋጁ እንዳትቀበሉ።

ስልኩ አሁን ደብረ ብርሃን ያሉት አማቴ ዘንድ ነው። ዳታ አይከፍቱም፣ ይደውላሉ ብቻ፤ በደወሉም ቁጥር «ይሄ የአሜሪካ ስልክ ድምፁ እንዴት ጥርት ያለ ነው!» ይሉኛል። ለእህቴ ግን እንዴት እንደሆነ ስትጠይቀኝ «ይሠራል» እንዳልኳት አለሁ።